ሁለተኛው ዙር

በሕይወቴ ሁለት ጊዜ አግብቻለሁ። የመጀመሪያው ባሌ እሸቴ ለግዳጅ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ሁለተኛው ይህን ስጽፍ ማዶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። የምነግራችሁ ሁለቱ ባሎቼ በአንድ ቅዳሜ፣ እዚህ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ሳሎን ውስጥ እንዴት እንደተገናኙ ነው። ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ እሸቴ ይሙት ይኑር በእርግጥ አላውቅም ነበር።

ሻምበል እሸቴ የካንቤራ ናቪጌተር ነበር። ካንቤራ ያኔ አየር ኃይላችን የነበረው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነው። ሦስት ሰው ይይዛል፤ አንድ አብራሪና ሁለት ናቪጌተሮች። የእሸቴ ሥራ መንገድ መምራት፣ ዒላማው ጋ ሲደርሱ ደግሞ ከወንበሩ ተነስቶ አውሮፕላኑ አፍንጫ ውስጥ በደረቱ መተኛትና በመስታወቱ ቁልቁል እያየ ቦምቡን መልቀቅ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው እሱ ስላወራኝ አይደለም፤ ደብረ ዘይት የአየር ኃይል ሚስቶች እርስ በርስ የምናወራው ሌላ ወሬ ስላልነበረን ነው። ሰማይ ላይ መንገድ የማይጠፋበት ሰው መርካቶ ውስጥ ይጠፋ ነበር። አንድ ቀን ጫማ ሊገዛልኝ ገብቶ መውጫው ጠፍቶበት፣ ሰዓታት ዞሮ፣ ጫማውን ሳይሆን አንድ ጥንድ ርግብ ይዞ መጣ። ለምን እንደገዛቸው ስጠይቀው «ሰውዬውን መንገድ ጠይቄው ዝም ብዬ መሄድ አፈርኩ» አለኝ።

ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። እናቱ እማማ ጥሩወርቅ ባላቸው በልጅነታቸው ሞቶባቸው፣ ጠላ ጠምቀው ያሳደጉት ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ አየር ኃይል ሲገባ ሦስት ቀን አልበላም ብለው ነበር አሉ። በኋላ ግን አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ደጅ ወጥተው ነጠላቸውን የሚያውለበልቡት እሳቸው ነበሩ። የእሱ ይሁን የሌላ አይለዩም፤ ለሁሉም ያውለበልባሉ።

የሶማሊያ ጦርነት ሲጀመር ልጃችን ማህሌት ገና ጡት አልጣለችም። እሸቴ በየቀኑ ይበር ጀመር። ሲመለስ አይናገርም፤ ምንጣፍ ላይ ተዘርሮ ሕፃኗን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ጣራ ጣራ ያያል። አንድ ምሽት ብቻ «አስቱ፣ ከላይ ሲታይ ግመልና መኪና አይለይም» አለኝ። ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ሁለት መኮንኖች ቤቴ መጡ። «ከግዳጅ አልተመለሱም» አሉኝ። ሞተ አላሉኝም፤ አብረውት እነማን እንደነበሩም አልነገሩኝም። ሬሳ የለም፤ የወደቀበትን ያየ ሰው የለም። እማማ ጥሩወርቅ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ «ማን ሞተብኝ አልኳችሁ?» ብለው ከደጅ መለሱት።

ስድስት ዓመት ያህል ቆይቼ ጌታሁንን አገባሁ። መምህር ነበር፤ ዝምተኛና ጨዋ ሰው። በማዘጋጃ ቤት ተፈራረምን እንጂ በቤተክርስቲያን አልተጋባንም፤ ጌታሁን ደጋግሞ ቢጠይቀኝም እግሬ እሺ አላለኝም። እማማ ጥሩወርቅ ሲሰሙ አልጮሁም። «ባልሽ ሲመጣ ምን ልትይው ነው?» አሉኝ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ደጄን አልረገጡም። ማህሌትን ግን በየበዓሉ ስልክላቸው እየሳሙ ይቀበሏት ነበር።

ምርኮኞቹ ከሶማሊያ እስር ቤት የተመለሱ ጊዜ ደብረ ዘይት ሄድኩ። ሕዝቡ መሀል እማማን አየኋቸው፤ የእሸቴን ፎቶ ደረታቸው ላይ ይዘው እያንዳንዱን ሰው እየጠየቁ ነው። እሱ አልነበረም። ከትንሽ ቀን በኋላ ግን ከተመለሱት አንዱ ቤታቸው ድረስ መጥቶ «እኔ አላየሁትም፤ ነገር ግን ሌላ እስር ቤት የቀሩ አሉ» እንዳላቸው ሰማሁ።

ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ምን እንዳደረገችን ልነግራችሁ አልችልም። ጌታሁን ለትምህርት አሜሪካ ወጥቶ እዚያው ቀርቶ፣ በኋላ እኔንና ማህሌትን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ አመጣን። ዓረፍተ ነገሯም አብራን መጣች። አፓርታማችን በር ላይ ያላወቅሁት ሰው ሲያንኳኳ ልቤ ትወርዳለች። ቢመጣ ምን እለዋለሁ? ጌታሁንስ የት ይሄዳል? ይህን እያሰብኩ ነው የኖርኩት።

ከዚያ እማማ ጥሩወርቅ ማረፋቸውን ከደብረ ዘይት ደውለው ነገሩን። ቤታችን ለቅሶ ተቀመጥን፤ በቤተክርስቲያንም ተነገረልን። ሰው መጥቶ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ከሥራ ገብቼ ድንች ስልጥ ስልክ ተደወለ።

«ወይዘሮ አስቴር ነዎት?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«አበራ እባላለሁ። አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። የእማማ ጥሩወርቅን ማረፍ ቤተክርስቲያን ሰምቼ ነው። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያውቋቸው ነበር?»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ከሻምበል እሸቴ ጋር አውሮፕላኑ ላይ ነበርኩ» አለኝ።

«የትኛው አውሮፕላን ላይ?» አልኩት፣ የማላውቅ ይመስል።

«የመጨረሻው ላይ።»

መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። አልጠየቅሁትም። እሱም «በስልክ የሚሆን አይደለም፤ ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ ፈቃድዎ ከሆነ ልምጣ» አለ። ቤቴ እንዲመጣ አልፈለግሁም። ምን ይዞብኝ እንደሚመጣ አላውቅማ። «እኔ እመጣለሁ» ብዬ አድራሻውን ተቀበልኩት።

ማታ ለጌታሁን ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ።

«ምን ይለኛል ብለሽ ነው የምትፈሪው?» አለኝ።

«ሞቷል ቢለኝ አይደለም የምፈራው። መቼ እንደሞተ ነው። እስር ቤት ቆይቶ ከሆነስ? እኔና አንተ ስንፈራረም በሕይወት የነበረ ከሆነስ? ሰምቶ ከሆነስ?»

«እኔ እወስድሻለሁ» አለ ጌታሁን። «ማህሌትም ትምጣ። አባቷ ነው።»

ማህሌት ያኔ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። ስነግራት አልደነገጠችም። «ማሚ፣ አይ ኒድ ቱ ኖው» አለችኝ፤ ማወቅ አለብኝ ማለቷ ነው። አባቷን የምታውቀው በፎቶ ነው፤ ዳዲ ብላ ያደገችው ጌታሁንን ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወጣን። ከተማውን የሚዞረው ቤልትዌይ የሚባለው መንገድ ጭር ብሎ ነበር። ፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለው የዊልሰን ድልድይ ስንደርስ ግን መኪናው ሁሉ ቆመ፤ ከሥር ባለ ምሰሶ ጀልባ ሊያልፍ ድልድዩ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ላይ ተነስቷል። ጌታሁን ሞተሩን አጠፋ። ከፊታችን መንገዱ እንደ ግድግዳ ቆሟል።

«እንመለስ» አልኩ።

ማህሌት ከኋላ «ዋት?» አለች።

«እንመለስ ጌታሁን። እስከ ዛሬ ሳላውቅ ኖሬ የለም? አሁንም አላውቅ።»

ጌታሁን ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ወደኔ ሳይዞር ተናገረ።

«አስቱ፣ እኔም እኮ ይህን ሁሉ ዓመት ከእሱ ጋር ነው የኖርኩት። ማታ በር ሲንኳኳ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትደነግጪው?»

ይህን ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የኔ ብቻ መስሎኝ የተሸከምኩትን ነገር እሱም ከጎኔ ተሸክሞት ኖሯል። ምን እንደምመልስለት ሳስብ ድልድዩ ቀስ ብሎ ወረደ፤ መኪናዎቹ ተንቀሳቀሱ፤ ተሻገርን።

አበራ የሚኖረው ከዱክ ስትሪት ገባ ብሎ ባለ ያረጀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን ሲከፍት ኮት ለብሷል። ከሲታ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በአንድ ጎኑ እየጎተተ ይራመዳል። ለአንድ ሆቴል እንግዶች የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል እንደሚነዳ፣ ወንበሩ ለወገቡ እንደማይስማማው፣ ያልጠየቅነውን ነገር ሁሉ ያወራ ጀመር። ሁለት ሰው ነበር የጠበቀው መሰለኝ፤ ሦስት ስንሆንበት ከመኝታ ቤት ወንበር አመጣ። ጭማቂ ቀዳልን። ማህሌትን አየና ዓይኑን ቶሎ ሰበረ።

«ግንባሯ የሱ ነው» አለ።

ከዚህ በላይ መታገስ አልቻልኩም።

«አቶ አበራ፣ መቼ ነው የሞተው?»

«ያኑ ዕለት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ እህቴ። ጃንጥላ ላይ ተንጠልጥዬ አውሮፕላኑ መሬት ሲመታ አይቻለሁ። እሱ ከውስጡ አልወጣም።»

እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ የተሰማኝ ዕረፍት ነው። ሳገባ ሞቶ ነበር። ጌታሁን ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር አየሁት፤ ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደበት። ወዲያው ግን በዕረፍቴ አፈርኩ። የሞተ ሰው ነው እኮ። ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፣ ርግብ ይዞ የመጣልኝ ሰው።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

«ታዲያ ለእናቱ ሌላ እስር ቤት የቀሩ አሉ ያላቸው ማነው?»

አበራ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ።»

ጎረቤት ያለው ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር።

«እንዴት ይህን እንዳልኩ ለመናገር ከዚያ ቀን መጀመር አለብኝ» አለ። «ፍቀዱልኝና ልጀምር።»

ግዳጁ የጦር መኪናዎች ተሰልፈዋል የተባለበት ከጅጅጋ ወዲያ ያለ ሜዳ ነበር። አብራሪው ሻለቃ ነው፤ ጎበዝ ሰው። ዒላማው ሲቃረብ እሸቴ ከወንበሩ ተነስቶ አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ተኛ። አበራ፣ ያኔ መቶ አለቃ የነበረው ሁለተኛው ናቪጌተር፣ ከአብራሪው ኋላ፣ አደጋ ሲመጣ ሰውን ይዞ ወደ ውጭ በሚወረወረው ወንበር ላይ ታስሮ ተቀምጧል።

«ድምፁን በጆሮዬ እሰማዋለሁ» አለ አበራ። «‹ግራ… ትንሽ ግራ… ቀጥ በል።› እጠብቃለሁ። ቦምቡ ሲለቀቅ አውሮፕላኑ ዘለል ይላል፤ ያን እጠብቃለሁ። አልዘለለም። አለፍነው። ሻለቃው ‹ምን ሆንክ?› አለው። እሸቴ ‹መኪና አይደለም የመሰለኝ። ሰው ነው። የተጫነ ግመል ነው። አንድ ዙር ስጠኝና ልይ› አለ። ሻለቃው ተሳደበ። ካንዴ በላይ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከታች ያለው መድፍ ነቅቷል፤ ከፍታችንን ለክቷል። እሸቴ ግን ‹ጌታዬ፣ አንድ ዙር› አለ። ሻለቃው ዞረለት።»

«ከዚያስ?» አለች ማህሌት።

«በሁለተኛው ዙር መቱን። ቀኝ ክንፉ ላይ። ሻለቃው ‹ውጡ› ብሎ ጮኸ። እኔና ሻለቃው ወንበራችን ላይ ነን፤ መጎተቻውን ከሳብን እንወረወራለን። እሸቴ ግን በደረቱ እንደተኛ ነው። ወደ ወንበሩ መመለስ አለበት፤ አውሮፕላኑ ደግሞ እየተገለበጠ ነው። ‹እሸቴ ና› አልኩት። ‹አንተ ውጣ አበራ፣ እኔ እመጣለሁ› አለኝ። ድምፁ ቤቱ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው የሚመስለው። መጎተቻውን ሳብኩት። ሻለቃውም ወጥቷል፤ ጃንጥላው ግን አልተከፈተለትም።»

ውሃ ጠጣና ቀጠለ።

«አሁን የምነግራችሁ ነገር ነው የከበደኝ። አሥር ዓመት ከዚያም በላይ ታሰርኩ። ወገቤ ተሰብሮ ያለ ሐኪም ገጠመ። በየቀኑ፣ በየቀኑ እሸቴን እሰድበው ነበር። በመጀመሪያው ዙር ቦምቡን ቢለቀው ሻለቃው ልጆቹን ያሳድግ ነበር፤ እኔም ቤቴ እገባ ነበር እል ነበር። ስፈታ እናቱ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ልነግራቸው ነው የሄድኩት። እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ፤ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገቴን አሸተቱኝ። የልጃቸውን ጠረን የሚፈልጉ ነው የሚመስሉት። ‹አብሮህ ነበር?› አሉኝ። ልጅዎ ሞቷል ብዬ፣ ስለ ሟቹ አንድ ደግ ቃል መናገር ነበረብኝ። ደግ ቃል ግን ውስጤ አልነበረም። ‹አላየሁትም፤ ሌላ እስር ቤት የቀሩ አሉ› አልኳቸው። ነገ ተመልሼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልተመለስኩም። ስለ እርስዎም ጠይቄ ነበር፤ ሌላ አግብተዋል አሉኝ። ኑሯቸውን አልበጠብጥም አልኩ። ሰበብ አገኘሁ ማለት ነው።»

ማህሌት በዚያ በሚኮላተፍ አማርኛዋ ጠየቀችው።

«ሰዎች ነበሩ? ከታች ያዩት… እውነት ሰዎች ነበሩ?»

አበራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት።

«ነበሩ ልጄ። የወደቅሁት እዚያው አካባቢ ነው። መጀመሪያ የደረሰችብኝ አንዲት ሴት ናት፤ ሕፃን አዝላለች። ከኋላዋ ጎጆአቸውን የጫኑ ግመሎች አሉ፤ ሽማግሌዎች አሉ። ፈርታኝ ቆመች። ከዚያ ከቅል ውሃ ሰጠችኝ። እየጠጣሁ ወታደሮቹ ደርሰው ያዙኝ። መድፉም እዚያው ከግራሮቹ ሥር ነበር፤ የጦር መኪናም ነበር። ሁለቱም ነበሩ። ውሃ የሰጠችኝን ሴት ግን አይቻለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከተናገርኩ ልሰድበው አልችልማ።»

ማህሌት ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችን። ጌታሁን ሄዶ አጠገቧ ቆመ፤ አልነካትም፤ ቆመ ብቻ።

እኔ አበራን ልረግመው ፈለግሁ፤ የተሰበረ ወገቡን ሳይ አቃተኝ። ይቅር ልለው ፈለግሁ፤ እማማ ፊቴ ላይ ተደቀኑ። ጎረቤታቸው በስልክ የነገሩኝን ነው ለአበራ የነገርኩት።

«እማማ እስኪያርፉ ድረስ በራቸውን ሳይቆልፉ ነው የሚያድሩት። ሌባ ገብቶ ድስታቸውን ሲወስድ እንኳ አልቆለፉም። ‹ልጄ ማታ ከደረሰ ቆሞ እንዳይቀር› ይሉ ነበር።»

አበራ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ያኔ እኔም አለቀስኩ። ለእሸቴ ያን ያህል ዓመት ያላለቀስኩትን፣ በሰው ቤት፣ በማላውቀው ሰው ሶፋ ላይ አለቀስኩት። ስንወጣ ጌታሁን በሩ ላይ ቆም አለ።

«ለቅሶ አልተቀመጥንለትም» አለ። «ፍትሐትም አልተደረገለትም። እናደርጋለን። አቶ አበራ፣ እርስዎም ይመጣሉ።»

አደረግን። ቄሱ የእናትና የልጁን ስም አንድ ላይ ጠሩልን። ከቅዳሴ በኋላ ቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ለብሰን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ማህሌት፣ ጌታሁን። አበራ ከኋላ በኩል ተቀመጠ። ብዙ ሰው ነገሩ ግራ ገብቶት ነበር። አንድ ሽማግሌ ጌታሁንን እያጽናኑ «ሟች ምንህ ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ምን ይል ይሆን ብዬ ወደ እሱ ዞርኩ።

«የልጄ አባት ነው» አለ ጌታሁን።

በቀጣዩ ዓመት እኔና ጌታሁን በቤተክርስቲያን ተጋብተን ቆረብን። ማህሌት ዛሬ የራሷ ቤተሰብ አላት፤ የአባቷን ታሪክ ለልጆቿ ስትነግር ስለ ጦርነቱ ብዙ አትናገርም፤ ስለ ሁለተኛው ዙር ግን ትነግራቸዋለች። ከአበራ ጋር በየበዓሉ እንደዋወላለን። ሙሉ በሙሉ ይቅር ብዬዋለሁ ብል ውሸት ነው። አንዳንድ ቀን ድምፁን ስሰማ የእማማ ያልተቆለፈ በር ይታየኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመካከላችሁ ከጦር ሜዳ፣ ከእስር ቤት ወይም ከስደት መንገድ የሰው መጨረሻ ይዛችሁ የተመለሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናቱ ትሰበራለች፣ ሚስቱ ኑሮዋ ይበጠበጣል ብላችሁ ዝም ብላችሁ ይሆናል። ደግነት መስሏችሁ ይሆናል፤ እንደ አበራም ንዴታችሁ ገና ስላልበረደ ይሆናል። እኔ ሰው ከምትጠብቀዋ ሴት ወገን ሆኜ ነው የምነግራችሁ፤ ሄዳችሁ ንገሯት። የምትሰሙት ለቅሶ ያስፈራችኋል፤ ቢሆንም ንገሯት።

እማማ ጥሩወርቅ ልጃቸው እንደማይመጣ ብቻ ሳይሆን ለምን እንዳልመጣም ሳያውቁ አረፉ። የማያውቃቸውን ሰዎች ደግሞ ለማየት ዞሮ እንደሞተ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ። ኩራት የሚሰማቸው አይመስለኝም። መሬት ላይ ወድቀው ያለቅሱ ነበር። ያን ለቅሶ ግን ማንም ሊወስድባቸው አይገባም ነበር።